ማሳከክ፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐሳብ፦ ተላላፊ በሽታ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ተላላፊ በሽታዎች በታማሚው አእምሮና በዕለት ኑሮው ላይ ስለሚያሳድሩት ጫና የሕክምና ምርምር የደረሰበትን የሚያቀርብ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚመለከተውም በተለይ ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንጻር ነው። ክልሉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓባይ፣ ዳቡስና በለስ በሚያቋርጡት በዚህ ሞቃትና ዝናባማ ምድር ወባ፣ ኦንኮሰርካይሲስ፣ የሊምፍ ፋይላሪያሲስ፣ ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ በአንድ ሕዝብ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ፤ የአእምሮ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን ተከማችቶ የኖረው ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አዲስ አበባ፣ በአማኑኤል ሆስፒታል ነው።

ምርምሩ የተጓዘበትን መንገድ ለመረዳት ከኦንኮሰርካይሲስ መነሣት ይጠቅማል። ይህ በሽታ ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ዝንቧ በቀን ሰው ስትነክስ የምታስገባው ትል በሰውነት ውስጥ አድጎ፣ ከቆዳ ሥር እንደ ጠጠር ያለ እብጠት ሠርቶ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖር ይችላል። ትልቁ ትል ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግሩት ሴቷ ትል በየጊዜው የምትለቃቸው፣ በዓይን የማይታዩ እጮች ናቸው፤ እነዚህ በቆዳ ውስጥ ሲንቀሳቀሱና በተለይም ሲሞቱ ሰውነት ይቆጣል፣ ቆዳም ያሳክካል። ማሳከኩ እንደ ትንኝ ንክሻ ጥቂት ቆይቶ የሚያልፍ አይደለም፤ ሰው ጥፍሩ አልበቃው ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት እስኪፍቅ ድረስ ያደርሰዋል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ያለ ዕድሜው ይጨማደዳል፣ ቅልጥሙ ላይ ቀለሙን እየለቀቀ እንደ ነብር ዥጉርጉር ይሆናል። በኢትዮጵያ በሽታው ከዓይን ይልቅ በቆዳ ላይ የሚበረታ በመሆኑ፣ ታማሚው የሚያጣው መጀመሪያ ብርሃኑን ሳይሆን እንቅልፉን ነው።

እንቅልፍ ማጣት ግን በበሽታ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ቦታ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1974 በምዕራብ አፍሪካ የተጀመረው ታላቁ የቁጥጥር ፕሮግራም የኦንኮሰርካይሲስን ክብደት ይመዝን የነበረው በዋናነት ባሳወራቸው ሰዎች ቁጥር ነበር፤ ስለዚህም ዓይነ ስውርነት ብዙ የማይታይባቸው አካባቢዎች ችግራቸው ቀላል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓለም ጤና ድርጅት አስተናጋጅነት በሚመራው የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም አማካይነት በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት ግን ጥያቄውን ለወጠው፤ ስንት ሰው ታወረ ከማለት አልፎ፣ ስንቱ ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል፣ ስንቱ በቆዳው አፍሮ ከሰው ይሸሻል፣ የስንቷ ልጃገረድ የትዳር ዕድል ተሰናክሏል ብሎ ጠየቀ። መልሱ የበሽታው ክብደት ከተገመተው እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ስላሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የአፍሪካ የኦንኮሰርካይሲስ ቁጥጥር ፕሮግራም ሲቋቋምና ኢቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ቀድሞ ወዳልታሰቡት አገሮች እንዲደርስ ሲወሰን፣ ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር። ለታማሚ የቀረበ አዲስ ጥያቄ የአንድ አህጉርን የጤና ዕቅድ ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ኢትዮጵያም በዚህ ምርምር ድርሻ ነበራት። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ የቡና እርሻ ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ባንክ የታተመ ጥናት፣ በኦንኮሰርካይሲስ የቆዳ ሕመም የተጠቁ ቋሚ ወንድ ሠራተኞች የዕለት ገቢያቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚቀንስና በወር ወደ ሁለት የሚጠጋ የሥራ ቀን እንደሚያጡ አሳይቷል። ሌሊት ሲያክክ ያደረ ሰው ጠዋት ቡና ሲለቅም እጁ ይዝላልና፣ የማሳከክ ዋጋ በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ «የሕይወት ጥራት» የሚለውን ቃል ማብራራት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ ሲውል ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት ነው ሲል ደንግጓል። ይህን ሐሳብ ወደ መለኪያ ለመለወጥ ድርጅቱ ከብዙ አገሮች ተመራማሪዎች ጋር ካዘጋጃቸው መጠይቆች መካከል አጭሩ 26 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ የሰውን ሕይወት በአራት በኩል ይመለከታል፤ በአካሉ፣ በስሜቱ፣ ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት፣ እንዲሁም በሚኖርበት አካባቢ። መጠይቁ የሚለካው ሐኪሙ ስለ ታማሚው የሚያስበውን ሳይሆን ታማሚው በራሱ ባህልና ዓላማ ውስጥ ሆኖ ስለ ኑሮው የሚሰጠውን ግምት ነው። የላቦራቶሪ ውጤቱ የተስተካከለ ሰው ሕይወቱ ያልተስተካከለ ሊሆን እንደሚችል የታወቀው በእነዚህ መለኪያዎች ነው።

በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ጎልቶ የተጠናው በተለምዶ ዝሆኔ በሚባለው የእግር እብጠት ላይ ነው። ዝሆኔ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይመጣል። አንደኛው የሊምፍ ፋይላሪያሲስ ሲሆን፣ በትንኝ የሚተላለፍ ክር መሰል ትል በሰውነት ውስጥ ያለውን የሊምፍ ፈሳሽ መተላለፊያ ሲጎዳ እግርን፣ በወንዶችም የቆለጥን ከረጢት ያሳብጣል፤ በምዕራባዊው ቆላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ፣ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ይህኛው ከነጭራሹ ተላላፊ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ፣ ጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው ሲገቡ፣ በዘር ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ የሚከሰት ነው። ታማሚው ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ኑሮ ይኖራል፤ እብጠቱ ያው ነው፣ ሽታው ያው ነው፣ የጎረቤት ዓይንም ያው ነው።

በጎጃም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 346 የፖዶኮኒዮሲስ ታማሚዎችን ከ349 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር በ26ቱ ጥያቄዎች አነጻጽሮ፣ የታማሚዎቹ የሕይወት ጥራት አማካይ ነጥብ 52 ሲሆን የጎረቤቶቻቸው 64 መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት ያሳዩት ከታማሚዎቹ 12.6 በመቶ፣ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን 0.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አረጋግጧል። ድባቴ ማለት ለአንድ ቀን ሆድ የባሰው ሰው የሚሰማው ኀዘን ሳይሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሳይለቅ የሚቆይ፣ ደስታንና ፍላጎትን የሚነሣ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ ሰውን ከንቱ ነኝ እስከማለት፣ ሲብስም ሞትን እስከመመኘት የሚያደርስ ሕመም ነው። የንጽጽሩ ትልቅ ቁም ነገር ጎረቤቶቹ አንድ መንደር የሚኖሩ፣ አንድ ገበያ የሚገበዩ፣ አንድ ዓይነት መሬት የሚያርሱ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን በድህነት ብቻ ማመካኘት አይቻልም።

የእግር እብጠቱ ሕክምና የሚጀምረው ከሚያስደንቅ ቀላል ነገር ነው፤ ከመታጠቢያ ሳፋ። ታማሚው እግሩን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ በየጣቱ መካከል ሳይቀር ያጥባል፣ ጀርም በሚገድል ፈሳሽ በተበረዘ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ያደርቃል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይቀባል፣ እብጠቱን በፋሻ ከታች ወደ ላይ ይጠቀልላል፣ ካልሲና ጫማ ያደርጋል፤ ሲቀመጥና ሲተኛም እግሩን ከፍ ያደርጋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ይህን እንክብካቤ ወዲያው ያገኙትን በኋላ ካገኙት ጋር አነጻጽሯል። ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያለበት ድንገተኛ ሕመም፣ እንክብካቤ ካላገኙት በአንዱ ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ፣ ካገኙት በአንዱ ላይ ደግሞ ወደ 19 ጊዜ የተከሰተ ሲሆን፣ ይህ ማለት አንድ ገበሬ በዓመት አምስት ያህል ጊዜ ከመተኛት ዳነ ማለት ነው። ሽታ የቀነሰለት፣ ለእግሩ የሚበቃ ጫማ ያገኘ ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ ለመመለስ መንገዱ ይከፈትለታል፤ ይህንንም የሚሸጥ መድኃኒት ቤት የለም።

ተላላፊ በሽታ ወደ አእምሮ የሚደርስበት መንገድ ግን መገለል ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ተሕዋስ አንጎልን በቀጥታ ይጎዳል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የአንጎል ወባ ሲያስከትል የተበከሉት ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጫጭን የአንጎል የደም ሥሮች ውስጥ ስለሚጣበቁ ሕፃኑ ራሱን ይስታል፤ በዩጋንዳ የተካሄዱ ጥናቶችም ከአንጎል ወባ ከዳኑ ሕፃናት መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ከሁለት ዓመት በኋላም በማስታወስ፣ በማተኮር ወይም በመማር ችሎታው ላይ ጉዳት እንደሚታይበት አሳይተዋል። ወባ የዘወትር እንግዳ በሆነበት ክልል ይህ ግኝት ከጤና ጣቢያ አልፎ የመምህራንም ጉዳይ ነው፤ በትምህርቱ ዘገምተኛ የተባለ ልጅ በሦስት ዓመቱ ለቀናት ራሱን ስቶ የነበረ ሊሆን ይችላልና። ሌላው መንገድ የሰውነት መከላከያ ራሱ ነው፤ ከተሕዋስ ጋር ሲታገል የሚያመነጫቸው ኬሚካላዊ መልእክተኞች አንጎልን ስለሚነኩ፣ የታመመ ሰው ይዝላል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ከሰው መነጠል ይፈልጋል፤ ሕመሙ ለወራት ሲቆይ ይህ ስሜትም አብሮ ይቆያል። መድኃኒትም አንዳንድ ጊዜ የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ ለኤች አይ ቪ ይሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ ቅዠትና ማዞር፣ በአንዳንዱም ላይ ድባቴ የሚያስከትል ሲሆን፣ መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን ደግሞ አእምሮን እስከማወክ ሊደርስ ይችላል። ኤፋቪረንዝ ባለፉት ዓመታት በዶሉቴግራቪር እየተተካ በመምጣቱ ይህኛው ችግር ቀንሷል።

የአእምሮ ሁኔታ በበኩሉ ተላላፊውን በሽታ እንዴት እንደሚያባብስ በግልጽ የታየው በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ ባሉት አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል፤ ታማሚው ግን ብዙውን ጊዜ ሳሉ የሚተወውና አቅሙ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሆኑ፣ የቀሩትን ወራት የሚያስጨርሰው ሕመሙ ሳይሆን ተስፋው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች አዲስ ሕክምና በጀመሩ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የታተመ ምርምር፣ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት እንዳለባቸውና ድባቴያቸው ሳይታከም የቀረባቸውም ሕክምናቸውን የማቋረጥና የመሞት ዕድላቸው ይበልጥ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያቋረጠ ታማሚ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይዞ ወደ ቤተሰቡ ሊመለስ ይችላልና፣ ድባቴን ማከም የሳንባ ነቀርሳን መተላለፍ ከመግታት ሥራ የሚነጠል አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በመለኪያው ላይ ነው፤ መለኪያውም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ድባቴን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ታማሚው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ እያንዳንዱ ችግር ምን ያህል ጊዜ እንዳጋጠመው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ከጥያቄዎቹ መካከል ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቁት ይገኛሉ፤ ወባ ያለበት ወይም በሳንባ ነቀርሳ የከሳ ሰው ደግሞ ልቡ ሳይሰበር ሦስቱንም «አዎ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ድካሙ ከምን እንደመጣ፣ ደስታ የሚሰጠው ነገር ጨርሶ መጥፋቱንና ራሱን እንዴት እንደሚመለከት ጠለቅ ብሎ መጠየቅ አለበት። ድባቴ አለ የሚባልበት ነጥብም እንደ ቦታው ይለያያል፤ በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ 10 ነጥብ እንደ መለያ ሊያገለግል መቻሉ ሲታወቅ፣ በቡታጅራ ገጠር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ግን መለያውን ወደ 5 ዝቅ ማድረግ አስፈልጓል። አዲስ አበባና ቡታጅራ በአንድ ቋንቋ ተጠይቀው ይህን ያህል ከተለያዩ፣ አሶሳ ላይ የሚሠራበት መለያ በአሶሳ መፈተን አለበት።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ቤት ሲሆን፣ አማርኛ በመሥሪያ ቤት ቢሠራበትም ብዙ ሰው ስለ ውስጡ የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ በበርታ ዘንድ ዐረብኛም በስፋት ይሰማል። «ድባቴ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪው ራሱ በጤና ባለሙያ አፍ የተለመደ አዲስ አባባል በመሆኑ፣ የገጠር ሰው የሚለው «ሐሳብ አበዛሁ»፣ «ልቤ ደከመ»፣ «ሆዴ ባሰ» ነው። በጉሙዝኛ ወይም በበርታ ቋንቋ ለዚህ የሚሆነው አነጋገር በመዝገበ ቃላት ተፈልጎ አይገኝም፤ ከአገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር ቁጭ ተብሎ፣ መጠይቁ ተተርጉሞ፣ በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ፣ ከዚያም ለጥቂት ሰዎች ቀርቦ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለህ?» ተብሎ ተጠይቆ የሚገኝ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱባቸው ተማሪዎች በቅርብ የሚገኙበት ተቋም በመሆኑ፣ ይህን ሥራ ከሱ የተሻለ ሊሠራው የሚችል አይኖርም።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ ላይ የደረሰው መከራም ሊዘለል አይገባውም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በካማሺና በመተከል ዞኖች በተፈጠረው ግጭት በርካታ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ ከመተከል የወጡት ብዙዎቹም በአዊ ዞን በቻግኒ አካባቢ በመጠለያ ኖረዋል። በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሸርቆሌ መጠለያ፣ በኋላም ባምባሲና ፆሬ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ሌሎች ብዙዎች ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በግጭት ውስጥ ባለፉ አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ የተፈናቀለ ሰው ደግሞ አጎበሩን፣ የጀመረውን መድኃኒትና የሚያውቀውን ጤና ኬላ ጥሎ ስለሚወጣ፣ ተላላፊው በሽታና የልብ ስብራቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ አብረው ያድራሉ።

ሁለቱን በአንድ ላይ ማከም የሚቻል መሆኑ በቅርብ ጎረቤት ታይቷል። ከመተከል ጋር በሚዋሰነው በአዊ ዞን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተባብረው ባካሄዱት ሥራ፣ ለፖዶኮኒዮሲስ፣ ለሊምፍ ፋይላሪያሲስና ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች የእግር እንክብካቤና የአእምሮ ጤና አገልግሎት በመደበኛው ጤና ጣቢያ አንድ ላይ ተሰጥቶ፣ ከወራት በኋላ ሲመዘን የድባቴ ምልክቱም ሆነ መገለሉ ቀንሶ የሕይወት ጥራቱ ተሻሽሎ ተገኝቷል። አገልግሎቱን የሰጡት ከሩቅ የመጡ የአእምሮ ሐኪሞች ሳይሆኑ ተጨማሪ ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያው ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለዚህ መንገድ የሚሆን ሌላም በር አለ። ለኦንኮሰርካይሲስ የሚታደለው ኢቨርሜክቲን ትልቁን ትል ሳይሆን እጮቹን የሚገድል መድኃኒት በመሆኑ ለዓመታት በተደጋጋሚ መታደል አለበት፤ ስለዚህ ከኅብረተሰቡ የተመረጡ አዳዮች በየወቅቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሚዛን አያስፈልጋቸውም፤ የሚይዙት ምልክት የተደረገበት ዘንግ ነው፤ ሰውየው ከዘንጉ አጠገብ ቆሞ ቁመቱ በደረሰበት ምልክት መሠረት ከአንድ እስከ አራት ፍሬ ይሰጠዋል። አዳዩ የመንደሩ ልጅ ነው፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ በቀርከሃው አጥር በኩል ማን እግሩ አብጦ ከቤት እንደቀረም ያውቃል። ከዘጠኙ ጥያቄዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ማለትም የነገሮች ጣዕም ማጣትና የመከፋት ስሜት፣ ብቻቸውን ለመጀመሪያ ልየታ የሚያገለግሉ በመሆናቸው ፍሬው እስኪዋጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጠየቁ ይችላሉ። አስቀድሞ ግን የሚላክበት ቦታ መኖር አለበት፤ አዎ ያለውን ሰው ተቀብሎ የሚያነጋግር የሠለጠነ ነርስና በመደርደሪያው ላይ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለው ጤና ጣቢያ ሳይዘጋጅ ሰውን ሆዱን አስከፍቶ መተው ተገቢ አይደለምና፣ ጥያቄዎቹ በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋ እየተፈተኑ ባሉበት ጊዜ የነርሶቹ ሥልጠናም ጎን ለጎን መጀመር ይኖርበታል።